በቅሎዋ የተመለሰችበት ገጽ

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ከሥራ መልስ።

ደብተሬ፣ የቀበሌያችንን ቤተ መጻሕፍት አንብቤ ጨረስሁት። ሁሉንም። እሺ፣ አንተን መዋሸት ምን ይጠቅመኛል፤ የጨረስሁት የመጀመሪያውን መደርደሪያ ነው። እሱንም የመጻሕፍቱን ጀርባ ጀርባ። ቢሆንስ? አምና ይሄን ጊዜ የገዛ ስሜን ጽፈው ቢያሳዩኝ አላውቀውም ነበር። ዛሬ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴ ከአልጋው ራስጌ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ እስኪያርፍበት ድረስ ወሬ አልጀምርም።

ዛሬ የተዋስሁት መጽሐፍ ቀይ ሽፋን ያለው፣ ጡብ የሚያህል። በውፍረቱ ነው የመረጥሁት። አቋራጩን እያወቅሁ በዋናው መንገድ ዞርሁ፣ በብብቴ ይዤው። ቤት ገብቼ ከፈትሁ። የመጀመሪያዋን ረጅም ቃል ፊደል በፊደል ጎትቼ ዳር ሳደርሳት መነሻዋን ረሳሁት። ተኛሁ። ትራስነቱ ግን አይታማም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5።

ቀዩን መለስሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወ/ሪት አልማዝ፣ እንዴት ነበር አለችኝ። ጥልቅ ነው አልኋት። የቱ ጋ ነው የጠለቀው አለችኝ። ዞሬ መደርደሪያውን ማየት ጀመርሁ።

አዘነችልኝ መሰለኝ፣ አንድ ዘዴ ነገረችኝ። ቆመህ አንድ ገጽ አንብብ፤ መቀመጥ ካማረህ ውሰደው፣ ካላማረህ ወደ ቦታው መልሰው። ሞከርሁ። የዶሮ እርባታው፦ ቆሜ ቀረሁ። የጤና አጠባበቁ፦ እግሬ ደነዘዘ። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ልብ ወለድ አነሣሁ። የሲራራ ነጋዴ ከልጁ ጋር ይጣላል፤ ልጁ አንዲቱን በቅሎ ከነጭነቷ ይዞ ይጠፋል። ምን ይሆን ስል ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። ወ/ሪት አልማዝ፣ ወንበር አለ እኮ አለች።

ችግሩ ድምፄ። ማታ ትምህርት ቤት ሁላችን ባንድ አፍ እየጮኽን ስለተማርን፣ አፌን ስዘጋ ዓይኔም አብሮ ይዘጋል። ጣቴ ፊደሉን ካልነካ ደግሞ መስመሩ ይጠፋኛል። አንባቢዎቹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉብኝ። ይዤው ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7።

ማንበቢያ ጊዜ ፍለጋ ላይ ነኝ። ቤት፦ ሕፃኑ ተኛ፣ ጀመርሁ፣ ሕፃኑ ነቃ። ባለቤቴ የሺ፣ ዳዊት ደጋሚ ማግባቴን አላወቅሁም፤ ውጭ ወጥተህ ድገም አለችኝ። ማታ ማታ የቀበሌ ስብሰባ። እዚያ የሚያነበው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው።

ፋብሪካ ቀረ። ፈትል ክፍል ማሽኑ ስለሚያጓራ፣ ብጮኽም የሚሰማኝ የለም። እንደኔ ያለ ብልኅ ከየት ይገኛል። መጽሐፉን የጥጥ ከረጢት ላይ ዘረጋሁ። የነጋዴው ልጅ ወንዝ ሊሻገር ሲል ክሬ ተበጥሶ ኖሯል፤ ፎርማኑ ከኋላዬ። በዚያ ጩኸት የምንነጋገረው በእጅ ነው። ክሩን አሳየኝ። መጽሐፉን አሳየኝ። በሩን አሳየኝ። ገባኝ፤ ወይ ክሩ ወይ በሩ።

እሑድ፣ ኅዳር 9።

ተገኘ። ጣና ዳር፣ ዋርካው ሥር። ከፈረቃ ወጥቼ ስብሰባ እስኪጀመር ያለችው ሰዓት የእኔ ናት። አይቶ የሚታዘበኝ እርኩም ብቻ።

ጋሽ ሞላም አሉ እንጂ። ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ እዚያ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ፊደል አልቆጠሩም። የማታ ትምህርቱ ሲመጣ፣ ዓይኔ አይቶ ጨርሷል ብለው የቀሩ ናቸው። ጩኸቴን ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ። ጥቂት ሰምተው፣ "ያ ነጋዴ ማታ በሩን ይቀረቅራል ወይስ ክፍት ያሳድራል?" አሉኝ። ክፍት ያሳድራል አልኋቸው። "ደግ አደረገ" አሉ። መርፌያቸው ቆመ።

ልጃቸው ጌታነህ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ነው። ከክረምት ወዲህ ደብዳቤ የለም። ደብዳቤው የመጣ ቀን የማነብላቸው እኔ እንድሆን ቃል አስገብተውኛል። ይህን ለማንም አላወራሁም። እኔ የማላወራው ነገር ብርቅ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል።

ሰፈሩ ታጥኗል። የየግቢው ጥራጊ ይቃጠላል፤ ጭሱ ዋርካው ድረስ መጥቷል። ጋሽ ሞላ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል፣ መረብ አልያዙም። ሰኞና ማክሰኞ ስናነብ ከርመን፣ ዛሬ እንደሚያልቅ ነግሬያቸው ነበር።

አነበብሁ። የሬዲዮ ሰው እንኳ እንዲህ አያነብ። ነጋዴው ደጁ ተቀምጦ ቃጭል ይሰማል። በቅሎዋ ከነጭነቷ ትመጣለች። ከኋላዋ ልጁ፣ አቧራ ለብሶ። አለቀ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ተንተባተብሁ፤ ጭሱ ዓይኔን ይዞት ነው። ጋሽ ሞላ፣ እግዜር ይስጥህ ልጄ ብለው ወደ ታንኳቸው ሄዱ።

ማታ ለየሺ አልጎረርሁም። አሞሃል ወይ አለችኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14።

መጽሐፉ ነገ መመለስ አለበት። ጋሽ ሞላ፣ መጨረሻዋን ድገምልኝ አሉ። ደገምሁ። ልጁ በነጭ ጋቢ መጣ። "ረቡዕ አቧራ ነበር የለበሰው" አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ዓይናቸው እጄ ላይ ነው።

"ልጁ ጋ ስትደርስ ጣትህ ይቆማል፤ አፍህ ግን ይሄዳል።"

መጽሐፉን ዘጋሁት። መረባቸውን አነሡ፣ መጠገን ጀመሩ። ቆይተው፣ የማታ ትምህርቱ ምዝገባ መቼ ነው አሉ። ዓይንዎስ አልኋቸው። ዓይኔ ምንም አልሆነ አሉ፤ የጌታነህን ደብዳቤ ግን ጣቱ ለሚቆም ሰው አልሰጥም።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15። ከሰዓት።

ወ/ሪት አልማዝን ለመንኋት፣ ጥቂት ቀን ጨመረችልኝ። መቀመጥ አማረህ ማለት ነው አለች። አዎ አልኋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነገር እጨምርበት ነበር።

ወስኛለሁ። ነገ ከቅዳሴ መልስ ዋርካው ሥር እሄዳለሁ። የጋሽ ሞላን ጣት በጣቴ ይዤ፣ የመጨረሻዋን ገጽ ፊደል በፊደል እናልፋለን፤ ጣታችን ሲቆም አፌም ይቆማል። ከዚያ ደብዳቤውን ለእኔ መስጠትም መተውም የእሳቸው ነው። እንዳልንተባተብ አስቀድሜ ባንተ ልለማመድ፣ ደብተሬ። መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው፦

በቅሎዋ ከነጭነቷ መጣች። አባትየው ጭነቱን አወረደላት፤ ውኃ አጠጣት፤ በሩን ክፍት ትቶ ተቀመጠ።

ከኋላዋ ማንም የለም። ልጁን ያመጣሁት እኔ ነኝ።