የሦስት ሴንቲሜትር በደል

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ። ማታ 1፡00

ባትሪ ቀየርኩ። የፀሐይ ሰሌዳውን ጠረግሁ። አጥሩ ውስጥ አረሙ ጉልበት ደርሷል፤ ጋሽ ቱፋ ጠባቂ እያሉ እንዲህ አይሆንም ነበር። ይኸው ደብተሬ፣ ስማቸውን ጠራሁ። ከነሐሴ ወዲህ አንድ ቀን ጠርቼብህ አላውቅም።

የመሬት መለኪያ ጣቢያችንን አይተኸው ስለማታውቅ ልንገርህ። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ ጋሽ ቱፋ ግቢ ጥግ፣ አለት። አለቱ ላይ የብረት ምሰሶ፣ ጫፉ ላይ አንቴና። የሳተላይት ምልክት እየተቀበለ ምድሪቱ በዓመት ስንት ሚሊሜትር እንደሄደች ይመዘግባል። በቃ ይኸው ነው።

ጋሽ ቱፋ በአጥሩ ሥር አለፉ። ሰይድን ሰላም አሉት። እኔን አላዩኝም። አይተውኛል እንጂ። ሰይድ፣ የመ/ቤታችን ወሎዬ ሹፌር፣ እስከ ሳሪስ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ነዳ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ። ምሳ ሰዓት

ስልኬ ሞላሁ አለኝ። ፎቶ ስሰርዝ የሰኔው ሥራ መጣ። ጣቢያው ባትሪው ሞቶ ሦስት ሳምንት ጠፍቶ ነበር፤ በዚያው አሮጌውን አንቴና በአዲስ ቀየርኩ። ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ይል ነበር። ቸኮልኩ።

ፎቶው ላይ ሜትሩ ይነበባል። የአዲሱ አንቴና ቁመት ከምሰሶው ጫፍ 9.8 ሴ.ሜ። ቅጹ ላይ የጻፍኩት 12.8።

12.8 የአሮጌው ቁመት ነው። ያለፈውን ጉዞ ቅጽ ገልብጬ ቀኑን ብቻ ቀየርኩ። ሁላችንም እንዲያ ነው የምንሠራው። ቁመቱን መቀየር ረሳሁ።

በነሐሴ መረጃው ጣቢያው ሦስት ሴንቲ ሰምጦ አሳየ። ምሰሶው ላይ የገመድ ምልክት አየሁ። ጋሽ ቱፋ ጥጃ አስረውበት ነው አልኩ። የእድር ሰዎች ግቢያቸው ተቀምጠው ሳለ! ጋሽ ቱፋ ማሉ። በልጆቻቸው ማሉ። መሐላ በሜትር አይለካም አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። የአጥሩን ቁልፍ ተቀበልኳቸው። መዝገቡ ላይም በጥበቃው ቸልተኝነት ምሰሶው ተነቃንቋል ብዬ ፈረምኩ።

ምሳዬን አልበላሁም።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ሦስቴ አሰላሁት። የአንቴናው ቁመት በዝቶ ሲጻፍ ምድሪቱ በዚያው ልክ ዝቅ ብላ ትሰላለች፤ 9.8ን ሳስገባ ስምጠቱ ይጠፋል። መስመሩ ቀጥ ይላል። ምሰሶው ንቅንቅ አላለም።

ቁጥሯን ዝም ብዬ ባርማትስ? ማን ያያል? እሳቸው እንደሆነ መዝገብ አያነቡ። ይህን ማሰቤንም ያዝልኝ። አፍሬበታለሁ።

የዋንዛው ነገር ይብስብኛል። ጣቢያው ሲተከል ሰማዩን የጋረደ ዋንዛ ነበራቸው፤ አባታቸው የተከሉት። ይቆረጥልን ብዬ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። አንድ ሌሊት አሰቡበት። በማግስቱ በገዛ መጥረቢያቸው ጣሉት። አገር የሚጠቅም ከሆነ፣ አሉ። እኚህን ሰው ነው በጥጃ የከሰስኩት።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ለሰይድ ነገርኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ አለ። ብቻዬን ሄጄ ልለምናቸው ስለው ተቆጣ።

«በሰው ፊት ነው ያዋረድሻቸው። ጓዳ ገብተሽ ይቅርታ ብትዪ፣ ወላሂ እኔ አልወስድሽም!»

ልክ ነው። ለጋሽ ቱፋ ደወለላቸው። የእድሩ ሰዎችም ይገኛሉ። ሐሙስ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ። አመሻሽ

የትናንቱ የቆሻሻ ጭስ ገና ከሰፈሩ አልለቀቀም። ያው ግቢ፣ ያው ሰዎች፣ ያው አግዳሚ። ቆሜ ተናገርኩ። ፎቶውን አሳየሁ።

ጋሽ ቱፋ ስልኩን ተቀብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን ከፈት አድርገው አሳዩኝ።

«ይቺን ታህል ናት?»

«አዎ፣ ጋሽ ቱፋ።»

የገመዱንም ነገሩኝ። በሐምሌ ነፋሱ ኬብሉን ሲያወዛውዘው እንዳይበጠስ ከምሰሶው ጋር ያሰሩት እሳቸው ናቸው። ያኔ ለምን አልነገሩኝም? ነግረውኛል። አልሰማኋቸውም።

ቁልፉን በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ፣ ከልቤ ነው። ቁልፉ ግን ካንቺው ጋር ይሁን።»

ስወጣ አየሁት። ጉቶው አጠገብ፣ በእሾህ ታጥሮ፣ የዋንዛ ችግኝ። ሰይድ እንደነገረኝ ቁልፉን በነጠቅኋቸው ሳምንት ነው የተከሉት። በጥቂት ዓመት ውስጥ ያንኑ ሰማይ ይጋርዳል። ጋሽ ቱፋ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ምን እንደምል እየጠበቁ ነው። ሜትሬን አወጣሁ።

ወስኛለሁ፤ ጣቢያው ይነሣል እንጂ ዛፉ አይነካም። የስንት ዓመት ተከታታይ መረጃ ይቋረጣል። አለቃዬ ይጮሃል። ይጩህ።

መዝገቡን አርሜ ፈረምኩ። የሰኔው ቁመት 9.8። ስህተቱ የእኔ ነው። ጠባቂው ንጹሕ ናቸው። ከሥሩም፦ በስተደቡብ የዋንዛ ችግኝ፣ 41 ሴ.ሜ። ሁለቴ ለክቻለሁ።