ኮረብታው ሳይታጨድ

ማክሰኞ፣ ጁን 23

ዛሬም ዝናብ የለም። የታችኛውን ማሳ አጭደን ጨረስን፤ ድርቆሹ ግን ለላሞቹ እስከ ገና እንኳ አይደርስም። የቀረው ኮረብታው ነው። ልጄ ክሬግ ማጨጃውን አሰናድቶ በር ላይ አቁሞታል።

"አባዬ፣ ምን እንጠብቃለን? ሳሩ ደረቀ እኮ!"

ምን እንደምንጠብቅ ያውቃል። የእናቱን ቢራቢሮ።

ሐሙስ፣ ጁን 25

ባለቤቴን ላቮንን ልጠይቃት ማገገሚያው ሄድኩ። የተሰበረው ዳሌዋ እየዳነ ነው። ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ "ቢራቢሮዎቹ ወጡ?" አለችኝ።

"አልወጡም።"

"ትንሽዬ ናት፣ ብርቱካንማ ቡናማ... ሐምራዊው አበባ ላይ ነው የምታርፈው። በደንብ አይተሃል?"

አይቻለሁ አልኳት። ስንት ዓመት ስታሳየኝ፣ መቼ ልብ ብዬ አይቼ! ማረሻ ነክቶት የማያውቅ ሳር ነው የሚፈልጉት፤ በዚህ አካባቢ የቀረው የኛ ኮረብታ ብቻ። እንቁላል ሳይጥሉ ከታጨደ አለቀላቸው። አውቃለሁ... ላሞቹስ ምን ይብሉ?

እሑድ፣ ጁን 28

መቀመጥ አቃተኝ። ኮረብታው ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። የእሳት እራት ብቻ! ፊቴ ላይ እየተወረወሩ አስመረሩኝ፤ በባርኔጣዬ ሳባርር ዋልኩ። ቢራቢሮ የለም። ጠፍተው ይሆን? ከጠፉ ማንን ነው የምጠብቀው?

ማክሰኞ፣ ጁን 30

ክሬግ ተቆጣ። ሐሙስ እናጭዳለን አልኩት። ለላቮን ምን ብዬ ልንገራት?

ረቡዕ፣ ጁላይ 1

ሳትሰማ ማጨድ አልሆነልኝም። አስፈቅጄ በፒካፑ ኮረብታው ድረስ አመጣኋት። መስኮቱን ከማውረዴ ጮኸች።

"ያውልህ! ያውልህ!"

"እነዚህ? የእሳት እራት እኮ ናቸው።"

"አንተ ሰውዬ! ሠላሳ ዓመት ያሳየሁህ ማንን ነው?"

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ባርኔጣዬን ከጉልበቴ ላይ አንስቼ ከመቀመጫው ሥር ወሸቅኩት። አፈርኩ።

ስመልሳት፣ "አየኋቸው፣ ይበቃኛል" አለችኝ። "እጨደው። ላሞቹም ይብሉ እንጂ።"

ሐሙስ፣ ጁላይ 2

በጠዋት ማጨጃው ላይ ወጥቼ ሞተሩን አስነሳሁ። አንዷ መጥታ ከጎማው ፊት ያለው አበባ ላይ አረፈች። ክንፏን ከፈት አደረገች... ብርቱካንማ ናት፣ እውነትም። ሞተሩን አጠፋሁት።

ክሬግ እየሮጠ መጣ። "ምን ሆነ? ተበላሸ?"

"ደህና ነው። እንቁላላቸውን እስኪጥሉ እንቆያለን። ድርቆሽ ካነሰን ጥቂት ላሞች እንሸጣለን።"

"አባዬ... አንተንም ጀመረህ?"

ዓይኔን ከአበባው ላይ አላነሳሁም። ማጨጃው ላይ እንደተቀመጥኩ ምሳ ሰዓት አለፈ።

ማታ ላቮን ደወለች። ድምፅዋ ደከም ብሏል። "አጨድከው?"

"ዛሬ ሰባት አየሁ" አልኳት።