ሳትፈተን የቀረችው ዋፊቃ

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እህቴ ለእትዬ ሰገነት፣ ጅዳ።

እንደምን ከረምሽ? ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ዛሬም ያስቸግርሻል ወይስ ተሻለሽ? ማዳምሽ ዓርብ ዓርብ ታሳርፍሻለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን ከመሳለም አልቀረችም። ወንድማችን ጌታነህም ባጃጁን ሲነዳ ውሎ በሰላም ይገባል። አሁን የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን እንባ እየቀደመኝ አልቻልኩም።

በጥር ወር ለሬዲዮ ጣቢያችን አንድ ዘገባ ሠራሁ። የስምንተኛ ክፍል ፈተናን የአምስት ዓመት ውጤት በየትምህርት ቤቱ ሰብስቤ፣ ከመምህራኑና ከመጻሕፍቱ ብዛት ጋር በኮምፒዩተር አስተያየሁት። ከሐረር ከተማ ልጅ አብዛኛው ያልፋል። ከሶፊ ወረዳ ወዲያ ካለች አንዲት መንደር ግን በአምስቱም ዓመት አንድ ልጅ እንኳ አላለፈም። የሒሳብ መምህር ኖሯቸው አያውቅም። የተሳሳትኩ መስሎኝ ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ ያው ሆነ።

መንደሪቱ ድረስ ስሄድ አቶ አደም የሚባሉ ገበሬ ቤታቸው ተቀበሉኝ። ልጃቸው ዋፊቃ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሏ አንደኛ። መቅረጫውን ሳስጠጋላት ምንም ሳታፍር «እኔ አልፋለሁ፤ ከዚያ ሐረር መጥቼ እማራለሁ» አለችኝ። ዘገባው ሲረዝምብኝ ያንን ንግግሯን ቆርጬ አወጣሁት፤ ቁጥሩ ብቻውን ይበቃል ብዬ።

ዘገባው በኦሮምኛም ተተርጉሞ ተላለፈ። እኔ ሹማምንቱ ደንግጠው መምህር ይልካሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እነሱ ስብሰባ ጠርተው አመሰገኑኝ፤ «እናጣራለን» አሉ፤ በዚያው ቀረ። ከልብ የሰሙት የመንደሩ ወላጆች ናቸው። ብዙም ሳይቆዩ ልጆቻቸውን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ ከትምህርት ማስቀረት ጀመሩ።

አቶ አደምን ሸዋ በር ገበያ አገኘኋቸው። ዋፊቃ አጠገባቸው ተቀምጣ ድንች ትሸጣለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ፈተናው ሳይደርስ ይመልሷት ብዬ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ አንቺን አልወቅስም» አሉኝ። «እስከ ዛሬ ልጆቻችን በስንፍና የሚወድቁ ይመስለን ነበር። ወላሂ፣ እየገረፍን ነበር የምንልካቸው። ድሮም የሚያልፍ እንደሌለ አንቺ ነገርሽን፤ አላህ ይስጥልን።»

እትዬ፣ ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። «ዋፊቃ እኮ ታልፋለች!» አልኳቸው።

«ታዲያ ይህን በሬዲዮ ለምን አልተናገርሽም?» አሉኝ።

በግንቦት ዋፊቃ ከአንዲት የጎረቤት ልጅ ጋር ከቤት ወጥታ ጠፋች። ከጅቡቲ፣ ከባሕሩ ዳር ለአባቷ አንድ ጊዜ ደውላ ወደ ሳውዲ ልሻገር ነው አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም። ባለፈው ሳምንት የዘንድሮው ውጤት ወጣ። ከዚያ ትምህርት ቤት ዘንድሮም ያለፈ የለም። ለርዕሰ መምህሩ ስደውል «እሷ ብትፈተን ኖሮ» ብለው ሳይጨርሱት ስልኩን ዘጉት።

አቶ አደም እህት ጅዳ እንዳለችኝ ሰምተው ትናንት ቢሮዬ ድረስ መጡ። ልጅቷ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጠይምና ቀጭን ናት፤ ከቀኝ ቅንድቧ በላይ ጠባሳ አላት። ስሟን ቀይራ ሊሆን ይችላል። ዓርብ ከአገር ልጆች ጋር ስትገናኚ ጠይቂልኝ፤ እስር ቤት ያሉትንም የሚያውቅ ሰው ካለ አትለፊው። ካገኘሻት አባቷ «አልተቆጣሁም፤ ድምጿን ብቻ ታሰማኝ» ብለዋል። ክፉ ነገር ከሰማሽም አትደብቂኝ። ሄጄ የምነግራቸው እኔ ነኝ።

ጌታነህና ባለቤቱ ሥርጉት በናፍቆት ሰላም ይሉሻል። ሕፃኗ ፎቶሽን እያየች «እትዬ» ማለት ጀምራለች። አብራሽ ለምትኖረው ለሙናም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬ ግንባርሽን ትስማለች። ስለ ዋፊቃ አልነገርኳትም፤ አንቺ ያንን ባሕር ስትሻገሪ በጭንቀት ያደረችውን ሌሊት ታስታውሳለችና፣ ስትደውዪ አታንሺባት።

እህትሽ ገሊላ
ሐረር፣ አቦከር
ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.