የእግር ውሃው

ታዴዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነህ። እኔ ግን ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነኝ። የምጽፍልህም አንተ ካልነገርከኝ ማንም ስለማይነግረኝ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ጣራው ማፍሰሱን ትቷል። የቀበሌ ስብሰባ ባንተ ፈንታ እኔ ሄጄ አንቀላፋለሁ። አህያህን ሸጥኳት፣ ይቅር በለኝ፤ የካኮን ገበያ መንገድ ባየች ቁጥር እየቆመች አስቸገረችኝ።

ያን የገበያ ቀን ታስታውሳለህ? ከካኮ ስትመለስ እስከ ጉልበትህ ጭቃ ለብሰህ ገባህ። እንደ ወትሮው የእግር ውሃ አፈላሁልህ። መቼም አንተ ውሃው ለብ ካለ ታኮርፋለህ፤ እኔም ቀዝቃዛ ሳልጨምር ሳፋው ውስጥ ገልብጬልህ ወጡን ላማስል ገባሁ። አንተ እግርህን ነክረህ ስለ ማሽላ ገበያ እያወራህ ትስቅ ነበር። እኔ ሞኟ፣ ተመችቶት ነው አልኩ።

በማግስቱ ተረከዝህ ውሃ ቋጠረ። አንተ በረባሶው ነው አልክ፣ እኔም አመንኩህ። ከዚያማ አመረቀዘ፣ ሸተተ፣ እግርህ እስከ ጉልበትህ አብጦ ጣቶችህ ጠቆሩ። ስኳር እንዳለብህ ከተነገረን ጀምሮ እኔ ማሩን ብቻ ነበር የምደብቅብህ። ስኳር እግር እንደሚያደነዝዝ የጤና ጣቢያው ድሬሰር የነገረኝ ያኔ ነው። ይቆረጥ ሲሉህ ደግሞ ካኮ በምን ልሄድ ነው ብለህ እምቢ አልክ። አይ ግትርነትህ!

እናትህ ምች ነው ትላለች። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ቀኑ ደርሶ ነው ይሉኛል። ድሬሰሩ አንዴ ጫማው ይሆናል፣ አንዴ ውሃው ይሆናል አለኝ። ማንን ልመን? በገዛ እጄ ነው የገደልኩህ?

ባለፈው ሳምንት ብርቄያችን መሠረተ ትምህርት ከምታስተምርበት ገጠር መጣች፣ ልክ እንዳንተ ጭቃ ለብሳ። ውሃ አሞቅኩ። ክርኔን ነክሬ ለካሁ፣ ቀዝቃዛ ጨመርኩ፣ ደግሜ ለካሁ። እግሯን ከማስገባቷ ኧረ እማዬ አቃጠልሽኝ ብላ ጮኸች። ለብ ያለ ውሃ እኮ ነው! ታዴዬ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እግሯን አቅፌ አለቀስኩ፣ ልጅቷም ግራ ገባት።

አልረሳህም። እኔ እያለሁ በዚህ ቤት ውሃው ሳይለካ፣ ተረከዝ ተገልብጦ ሳይታይ ማንም እግሩን አይታጠብም። ሳፋህም አይጣልም። በጌታ ፊት ስንገናኝ ግን መጀመሪያ የምጠይቅህ ይህን ነው፤ እውነቱን ንገረኝ፣ ያን ቀን ምንም አልተሰማህም?

ሚስትህ አለሚቱ