አስራ ሦስት ዙር

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ዛሬ ለአርባ ቀዳዳ የቡሎን ጥርስ አወጣሁ። በእጅ። ቀኝ ትከሻዬ የኔ አይመስለኝም።

የውሃ ፓምፕ ነው። ቀዳዳው ማዶ አይወጣም፤ ከወጣ ውሃ ያፈሳል። ስለዚህ ታፑን፣ ቀዳዳው ውስጥ እየዞረ ጥርስ የሚያወጣውን ብረት፣ መጨረሻው ላይ ግድግዳ ይጠብቀዋል። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ፣ ፍርፋሪውን አራግፎ እንደገና። አስራ ሦስት ዙር ሲሞላ ማቆም። ከዚያ በላይ የገፋ ሰው ታፑን እዚያው ይሰብረዋል፣ ፓምፑም ይጣላል።

ፊት ለፊቴ ዋርሳዬ ትሠራለች። የባሌ ታናሽ እህት። እዚህ ያስገባኋት እኔ፣ ያስተማርኳት እኔ። "እትዬ፣ ዘይት ላቀብልሽ?" ትላለች በየሰዓቱ። እትዬ፣ እትዬ... የማላውቃት መሰላት?

ጥቅምት 8

ፎርማናችን በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ጋሽ ሚሊሜትር እንላቸዋለን፤ በአንዲት ሚሊሜትር ሰው ስለሚያስለቅሱ። ቦታቸውን "ከሁለታችሁ ላንዳችሁ" ነው ያሉት። ከሁለታችሁ... የኔ አስራ ዘጠኝ ዓመትና የሷ አራት ዓመት እኩል ተጠሩ።

እራት ላይ ለባሌ ነገርኩት። "እሷ እኮ እጇ የተባረከ ነው" አለኝ።

የኔስ?

"አንቺማ የቆየሽ ነሽ።"

የቆየሽ። እንደ ጫማ።

ጥቅምት 9

ታፗ ላይ ፕላስተር ትጠቀልላለች። ፕላስተሩ የቀዳዳውን አፍ ሲነካ ጥልቀቱ ሃያ ሚሊሜትር ደርሷል፣ አስራ ሦስቱ ዙር ሞልቷል ማለት ነው፣ ታቆማለች። የጀማሪ ነገር። ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሬያት ነበር፦ ፕላስተር ይንሸራተታል፣ ዙሩን ቁጠሪ። ሰምታኛለች? የት።

ጋሽ ሚሊሜትር ሥራዋን አገላብጠው አዩና "ንፁህ" አሉ። ለኔ ንፁህ ያሉኝ መቼ ነበር... አላስታውስም።

ጥቅምት 10

አደረግኩት።

በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ፕላስተሯን ወደ ላይ ገፋሁት። አምስት ሚሊሜትር። እሱን አምና ከገባች ታፑ ግድግዳው ላይ ይሰበራል። ያኔ እናየዋለን የተባረከውን እጅ።

ከዚያ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። የገረመኝ እሱ ነው።

ከሰዓት ምንም አልተሰማም። ነገ ይሆናል።

ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ

አልተሰበረም። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን ቀስሬ ዋልኩ። ስምንት ቀዳዳ፣ አስራ ስድስት፣ ሃያ አራት... ጭራሽ ታንጎራጉራለች። ዕድል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ጥቅምት 13፣ ሰኞ

ጋሽ ሚሊሜትር እሷን ወደ መብሻ ማሽኑ ላኳትና "የቀራትን አንቺ ጨርሺው" አሉኝ። አንድ ፓምፕ፣ ስምንት ቀዳዳ። የኔ ታፕ ደንዟል። "በሷ ታፕ ሥሪ።"

ፕላስተሩ እዚያው ነው። አምስት ሚሊሜትር የሚዋሸው ፕላስተር። ባስተካክለው ከማሽኑ ጋ ሆና ታየኛለች። ለምን ነካሽው ብትለኝስ? ተውኩት። ይልቅ ፕላስተሩ የቀዳዳውን አፍ ሊነካ አምስት ሚሊሜትር ሲቀረው፣ በዓይኔ እየገመትኩ አቆምኩ። ስምንቱንም እንደዚያ። ዓይኔ ፕላስተሩ ላይ ስለነበር ዙር አልቆጠርኩም። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ያለ ስብራት ጨረስኩ። እፎይ።

ጥቅምት 14

ክዳኑ አልገጠመም። ቡሎኖቹ መንገድ ላይ ቆሙ። በክዳኑና በፓምፑ መሃል ጥፍር ይገባል።

ጋሽ ሚሊሜትር መለኪያቸውን አውጥተው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ለኩ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

"አንዱ ቢያጥር ስህተት ነው እል ነበር" አሉ። "ስምንቱም አምስት አምስት ሚሊ አጥረዋል። ስህተት እንዲህ እኩል አይሆንም። ምን አስበሽ ነው?"

ምን ልበላቸው? ፕላስተሩ የተገፋ መስሎኝ ነው? ማን ገፋው ቢሉኝስ?

ታፑን በጨርቅ መጥረግ ያዝኩ። ሁሉም ያየኛል።

ዋርሳዬ ከኋላ መጣች። "እኔ ላስተካክለው" አለች። ሦስት ሦስት ዙር ጨመረችባቸው። ክዳኑ ቁጭ አለ። ጋሽ ሚሊሜትር መጀመሪያ እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን። ቦታው የማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ጥቅምት 15

ልብስ መቀየሪያው ክፍል እኔና ዋርሳዬ ብቻ ነበርን። ፀጉሯን እያሰረች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሳ ጀመረች።

"አርብ ከሰዓት አስራ ሦስት ዙር አዙሬ ፕላስተሩ ገና ሩቅ ነበር። ለካሁት፣ አምስት ሚሊ ተገፍቷል። ወደ ቦታው መለስኩት።"

"አንቺ በፕላስተር አይደል እንዴ የምትሠሪው?"

"ቁጠሪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ እትዬ። ፕላስተሩ ለጋሽ ሚሊሜትር ነው። ሲያዩት ደስ ይላቸዋል።"

ቆጥራለች ማለት ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ እንደነገርኳት።

ለወንድሟ ነግራው እንደሆነ ጠየቅኳት። "ለምን ብዬ እነግረዋለሁ?" ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ጠላኋት። ከበፊቱ ይበልጥ። ብትናገርብኝ እኮ እከራከራት ነበር...

ኅዳር 4፣ ሰኞ

ፎርማን የሚይዘው የታፕ ሳጥን ቁልፍ አሁን ዋርሳዬ ወገብ ላይ ነው። ጋሽ ሚሊሜትር ከሄዱ አራተኛ ቀናቸው።

ጠዋት ጠዋት ታፕ ስትሰጠኝ አጠገቤ ትቆማለች። ራሷ የጠቀለለችበትን ፕላስተር በማስመሪያ ትለካለች። ሃያ። ማስመሪያውን ወደኔ አዙራ ታሳየኛለች፣ ከዚያ ትሰጠኛለች። የሌሎቹን አትለካም። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም፤ የምናውቀው ሁለታችን ነን።

ባሌ "ምነው ተኮራረፋችሁ?" ይላል። ምንም፣ እለዋለሁ። እሷም ምንም ነው የምትለው።

ዛሬ አርባ ቀዳዳ። ሁሉንም ቆጠርኩ። አንዱም አላጠረ፣ አንዱም አልተሰበረ። ሳስረክባት አገላብጣ አየችው። "ንፁህ" አለች።

ትንሽ ቆሜ ጠበቅኋት። እትዬ አላለችም።