ሁለቴ ጡሩምባ

ለታላቅ ወንድሜ ለፎፎ ሴናን፣

እንደምን ሰነበትክ? ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ያልከኝ አንተ ነህና፣ ወባው ከወሰደህ ከሦስት ሳምንት በኋላም እጠይቅሃለሁ። እኛ ደህና ነን። እናታችን ትንሽ ትንሽ መብላት ጀምራለች።

የከተማችን የኮቶኑ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ ታክሲ ሞተርህ ዛሬም ያንኑ ይጠይቃል። ትናንት ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ይዣት ወጥቼ ሁላችን ታንቲ የምንላትን ዓሣ ሻጯን ሁዌፋን ጫንኩ።

«ዝናብ ሲመታት ኮረንቲ አትይዝም?»

«አንቺን ታንቲ? ኮረንቲውም ይፈራሻል» አልኳት፣ እንዳንተ።

«ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅስ?»

«ጣቢያ ገብቼ በተሞላ ባትሪ እቀይረዋለሁ። ካልደረስን ትገፊያለሽ።»

ሳቀች። ከዚያ ከለበስኩት የሥራ ሸሚዝህ ሥር የዩኒፎርሜን ኮሌታ አየችና «አንተ፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አለችኝ። ኮሌታዬን ወደ ሸሚዝህ ውስጥ ከትቼ መንዳቴን ቀጠልኩ።

ሞተሯ ድምፅ ስለሌላት፣ አንተ ለቁርስ ስትመለስ ቤታችን መታጠፊያው ላይ ሁለቴ ጡሩምባ ትነፋ ነበር፤ እናታችንም ገንፎህን ታወጣ ነበር። እኔ ጠዋት ጡሩምባውን ሳልነካ ነው የወጣሁት፤ ትምህርት ቤት የሄድኩ መስሏታል። ሞተሯን ቀስ ብዬ ልመልስ ስል ግን መታጠፊያው ላይ እጄ ሳላዘው ሁለቴ ነፋ።

እናታችን ሳህንህን ይዛ ሮጣ ወጣች። መጀመሪያ ሸሚዝህን አየች፤ ቀጥሎ የእኔን ፊት።

«ይበርዳል፣ ብላ» አለች።

ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪያልቅ በላሁ። ሁለታችንም ሰላም ብለንሃል።

ታናሽህ ኮምላን