አባን መቻል

ሰኞ

ዛሬም ገዢ አመለጠኝ። ከዳባት የመጣ ሰውዬ ደባርቅ ሱቄ ገብቶ አንድ ብርድ ልብስ ዳስሶ ዋጋ ጠየቀኝ። ገና አፌን ስከፍት አባ ከበሩ በርጩማ ላይ ሆነው፣ «ወለተ ማርያም፣ አንቺ በስንት አመጣሽው?» አሉኝ። ንስሐ አባቴ ናቸው። ለእሳቸው እንዴት ይዋሻል? እውነቱን ነገርኳቸው። ሰውዬው «እንግዲያው በዚያው ስጪኝ» ብሎ ድርቅ አለ። እምቢ ስለው ሄደ።

አባ ከደረስጌ የመጡት ለዓይናቸው ነው። አንዱ ጠፍቷል። የሁለተኛው ሞራ ሐሙስ ጎንደር ይነሣል። ይህ ቀጠሮ ካለፈ ሌላ መቼ እንደሚገኝ እንጃ። እስከዚያ እኔ ጋ ናቸው።

ማክሰኞ

ፍራሽና ድንኳን ለቱሪስት ስለማከራይ እንግሊዝኛ እማራለሁ። የዛሬው «ፑት አፕ ዊዝ» ነው። የማይወዱትን ነገር ሳይሸሹም ሳይጣሉም ችሎ መኖር ማለት ነው፤ ብርድ ይሁን፣ ጩኸት ይሁን፣ ሰው ይሁን። መምህሩ፣ «ሰሜን ተራራ ላይ፣ ጨነቅ፣ ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው በደንብ ይገባዋል» አለ። በየቀኑ ከኑሯችን አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍ አዘዘን።

ብዙም አላሰብኩ። «አይ ፑት አፕ ዊዝ አባ።»

ረቡዕ

ዘዴ ፈጠርኩ፤ አባን ጓሮ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። ቦቲ ጫማ ስሸጥ ከግድግዳው ወዲያ፣ «በስንት አመጣሽው?»

ገዢው በሳቅ ሞተ። «እትዬ፣ መልሽላቸው እንጂ!»

ከሰዓት ባሰ። አባ ዳዊታቸውን ጠቅልለው ተነሡ። «አገሬ ልግባ። ሬዲዮሽ ከንጋት ጀምሮ ያወራል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ አንቺ ደግሞ ገዢ በወጣ ቁጥር ታጉረመርሚያለሽ። ለዓይኔ ስል ብዙ ቻልኩ።»

ደነገጥኩ። ቻይዋ እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሬዲዮውን አጠፋሁ፣ በርጩማውን ወደ በሩ መለስኩ።

«አባቴ፣ ዓይንዎ ይዳን እንጂ የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

«ሳታጉረመርሚ?»

«ሳላጉረመርም።»

ተቀመጡ።

የዛሬው ዓረፍተ ነገር፦ «አባ ፑት አፕ ዊዝ ሚ።»

ሐሙስ

ጎንደር። ሞራው ተነሣ፣ ዓይናቸው ታሽጓል። ጠዋት ወረፋ ስንጠብቅ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ጋቢውን በስንት እንደገዛው ጠየቁት። እኔ ከፊታችን ያለውን ሰው ቆጠርኩ።

ዓርብ

ፋሻው ተፈታ። አባ እጃቸውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ከስተሻል» አሉኝ። አለቀስኩ።

ሳይመሽ ደባርቅ ገባን። ሐኪሙ አቧራና ጭስ እንዳይነካቸው ሁለት ሳምንት እኔው ጋ ይቆዩ ብሏል።

ሱቁን በአዲስ ዓይናቸው እየዞሩ አዩት። ያንን ብርድ ልብስ አንሥተው ወደ ብርሃኑ ዘረጉት። ገዢ ቆሟል።

«ወለተ ማርያም፣ ይኼ እኮ ወዲያ ማዶ ያሳያል።»

ተቀብዬ አጥፌ አስቀመጥኩት። አላጉረመረምኩም። ሬዲዮውም እንደጠፋ ነው።